ሽቦውን ፍቱላቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

እባካችሁ ይቺን ጽሑፍ አውጡልኝ፣ ጉዳዩ የአንድ ፒንሳ ሥራ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ መንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች ጠጋ ብላችሁ እዩ። ችግኝ እያሉ ከችካል ጋር የታሰሩበት ሽቦ አሁንም አልተፈታም። አንዳንዱማ ግንዱ ውስጥ ሰጥሞ ጫፉ ብቻ ነው የቀረው። አንዱን ባለሱቅ «ጋሼ፣ በርዎ ላይ ላለችው ዛፍ ሽቦዋን ቢፈቱላት» ብላቸው «ተዋት ልጄ፣ ስታድግ ይዛው ወደ ላይ ትወጣለች» አሉኝ።

ኧረ አትወጣም! ዛፍ የሚረዝመው ከጫፉ ነው። ለጋው ጫፍ ላይ ያሉት ሴሎች እየተከፋፈሉ ከላይ ከላይ ይጨምራሉ፣ ሥሩም እንዲሁ በራሱ ጫፍ ወደ አፈር ይገፋል። አንዴ የተሠራው ግንድ ግን ቁመት አይጨምርም። ዛሬ ደረታችሁ ትክክል ሚስማር ብትመቱበት ከ20 ዓመት በኋላም እዚያው ደረታችሁ ጋ ታገኙታላችሁ።

ውፍረቱ ሌላ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ካምቢየም የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ልጥ የላጠ ሰው ያውቀዋል፣ ቅርፊቱ ሲነሳ ሙልጭልጭ የሚለው ቦታ ነው። ይሄ ሽፋን ወደ ውስጥ እንጨት ይሠራል፣ ወደ ውጭ ደግሞ ቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርደውን ክፍል። ሽቦው የሚያንቀው ይሄኛውን ነው። ውሃው በእንጨቱ በኩል ስለሚወጣ ቅጠሉ ለጊዜው አረንጓዴ ነው፣ የሚያየውም ሰው ደህና ይመስለዋል። ምግቡ ግን ሲወርድ ሽቦው ጋ መንገድ ይጠበውና እዚያው ይከማቻል፤ ከሽቦው በላይ እብጥ፣ ከታች ቀጠን ብሎ የምታዩት ለዚህ ነው። ሥሩ ሲራብ ይከርምና አንድ ቀን ዛፉ ቆሞ ይደርቃል፣ ወይ ነፋስ እዚያችው ላይ ቀንጥሶ ይጥለዋል። ከዚያ «ውሃ አጥቶ ነው» ይባላል።

በቆሎና ማሽላ ካምቢየም የላቸውም። ዘንባባም የለውም፤ ስለዚህ ዘንባባ ላይ ማስታወቂያ በሚስማር የምትመቱ ሰዎች ደስ አይበላችሁ፣ እሱ እንደ ሌላው ዛፍ ቁስሉን በአዲስ እንጨት አይሸፍንም።

ደግሞ ጠፍንጎ ማሰሩ ራሱ አይጠቅምም። ነፋስ ትንሽ የሚያወዛውዘው ግንድ ይወፍራል፣ ጥርቅም ተደርጎ የታሰረው ግን ቁመቱ ብቻ ይመዘዝና ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ተጠጋግቶ የተተከለ ባህር ዛፍም ይመዘዛል፣ የእሱ ግን የብርሃን ሽሚያ ነው፣ አጠና ለሚሸጥ ሰው እሰየው ነው። ለመንገድ ጥላ ግን ምን ያደርጋል?

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ወጥተን እንተክላለን፣ ፎቶም እንነሳለን። ተመልሶ ማሰሪያውን የሚያይ ሰው ግን አላየሁም። ቀበሌው አንድ ሰው ፒንሳ አስይዞ ቢያዞር በቂ ነው። ግንዱ የዋጠውን ሽቦ ግን አትጎትቱት፣ ይበልጥ ታቆስሉታላችሁ፤ ከውጭ የሚታየውን ሁለት ሦስት ቦታ በጥሳችሁ ተዉት። አዲስ ችግኝ ስታስሩ ደግሞ በሰፊ ጨርቅ ወይም በጎማ ቁራጭ፣ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ በዓመቱም ፍቱት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ