ከአደይ ለቀማ እስከ ሸማኔው ጉድጓድ፦ የእደ ጥበብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የእደ ጥበብ ክበብ እንደ ሚኒ ሚድያ በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ድምፁ አይሰማም፤ እንደ ስፖርት ክበብም ዋንጫ ይዞ አይመጣም። «እነዚያ ወረቀት ቆራጮች» የሚለው ስም የወጣልንም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዘንድሮ 28 አባላት፣ ስድስት መቀስ (ሁለቱ የማይቆርጡ)፣ አንድ የፕላስቲክ ባልዲና አርብ ከሰዓት በኋላ የምትገኝ አንዲት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነበሩን። በዚህ የተሠራውን አንብባችሁ ፍረዱ።

ወላጆች በተደጋጋሚ ከሚጠይቁት እንነሳ። እንቁጣጣሽ የሚውለው ትምህርት ሳይጀመር ነው፤ ታዲያ ክበቡ የእንቁጣጣሽ ካርድ የሚሠራው መቼ ነው? በሰኔ ነው። ችግሩ በሰኔ አደይ አበባ የለም። አደይ መስከረም ላይ ይፈነዳል፣ ጥቅምት ሲገፋ ይጠወልጋል። ስለዚህ በመስከረም ተለቅሞና ደርቆ ዘጠኝ ወር ተቀምጦ ነው በሰኔ ካርድ ላይ የሚለጠፈው።

ለቀማው ራሱ ሥርዓት አለው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ የተቆረጠ አበባ በሦስተኛው ቀን ይጠቁራል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ያልዘነበበት ቀን ተመርጦ ነው የሚለቀመው። በሁለት ጋዜጣ መካከል ይዘረጋል፣ ከላይ ከባድ መጽሐፍ ይጫንበታል። ጋዜጣው በሁለተኛው ቀን የግድ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ በየሦስት ቀኑ ቢቀየር ይበቃል። በአሥር ቀን ገደማ ደርቆ ይወጣል። ልጆቹን የሚያስቸግራቸው የአበባው እምብርት ነው። ወፍራም ስለሆነ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ይይዝና ቅጠሎቹ ሳይጫኑ ተጨማደው ይደርቃሉ። መፍትሔው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ለብቻ ማድረቅና ካርዱ ላይ መልሶ በክብ መደርደር ነው፤ እምብርቱን በቡናማ እርሳስ መሥራት ይቻላል። ማንም ልዩነቱን አያውቅም።

ማጣበቂያው የዱቄት ነው፤ ኮላ ውድ ነው፣ ቀጭን ወረቀትም ያጨማድዳል። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውኃ እስኪሟሟ ይበጠበጥና በሚፈላ ሦስት ስኒ ውኃ ላይ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። እስኪያብረቀርቅ ድረስ ሳያቋርጡ ማማሰል ያስፈልጋል። ዱቄቱ በቀጥታ ፈላ ውኃ ውስጥ ከገባ ይጓጉላል፤ የጓጎለ ማጣበቂያ ደግሞ ካርዱ ላይ ብጉር ይሠራል። ቁንጥጫ ጨው ቢጨመርበትም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም።

እዚህ ላይ የዓመቱን ትልቁን ኪሳራ ሳንደብቅ እንናገር። በኅዳር ለሙከራ ያዘጋጀናቸው 60 ካርዶች በካርቶን ተደርገው ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ተቀምጠው ነበር። በጥር ሲከፈት አይጥ ጠርዝ ጠርዙን በልቶታል። እዚያው ካርቶን ውስጥ የነበሩትን ያልተለጠፉ ደረቅ አበቦች ግን አልነካቸውም፤ የፈለገው ዱቄቱን ነው። ከዚያ ወዲህ አበባው ደርቆ ይቀመጣል እንጂ ልጠፋ የሚጀመረው ሰኔ ሲገባ ሆነ። ክበቡ አንድ የብረት ቁም ሣጥን ከጠየቀ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ሌላ አንልም።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ስብሰባዎች ለዘገባ የሚሆኑ አይደሉም። የአመራር ምርጫ ተካሄደ፣ የጽዳት ተራ ወጣ፣ ሁለት አርብ በፈተና፣ አንድ አርብ በመብራት መጥፋት ባከነ።

ከጥቅምት ጀምሮ ስፌት ገባ። «ስፌት የሴት ሥራ ነው» ብለው የሸሹ አራት ወንዶች ነበሩ፤ ሦስቱ ተመልሰዋል። ጀማሪ መሶብ አያስብም። የሚሠራው የቡና ስኒ ማስቀመጫ ነው፣ ስፋቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል። ለመሐሉ ሰንደዶ፣ ለመጠቅለያው አክርማ፣ ለጌጡ ቀለም የገባ አለላ፣ ለመውጊያው ወስፌ ያስፈልጋል። አክርማው ከመሠራቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይነከራል። ደረቁን ቢጠመዝዙት ይሰነጠቃል፤ አድሮ ከተነከረ ደግሞ ይልፈሰፈሳል። አለላውን ለብቻ መንከር ነው። ቀዩ ነጩን እንደሚያቀልም ያወቅነው አንድ ባልዲ ሙሉ አክርማ ሮዝ ከሆነ በኋላ ነው።

አምስት ወይም ስድስት ዘለላ ሰንደዶ ይያዝና ጫፉ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠቀለላል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ጥቅል የቀደመውን ዙር በወስፌ እየወጋ ይያያዛል። ሰንደዶው ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና መቅጠን ሲጀምር አዲስ ዘለላ መሐል ለመሐል ይገባል፤ አለዚያ ስፌቱ እዚያ ላይ ይሰረጉዳል። መነሻው ላይ ብዙ ሰንደዶ የጀመረ ልጅ መሐሉ ቀዳዳ ይሆንበታል። አክርማውን ከልክ በላይ የሚስብ ደግሞ ዝርግ ማስቀመጫ ሊሠራ ጀምሮ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ይነሳል። ከ28ቱ አባላት ዘጠኙ ጎድጓዳ ሠርተዋል፤ እነዚያም የቁልፍና የሳንቲም ማስቀመጫ ተብለው ተሸጡ።

ወደ ፀደዩ እንምጣ። ዘንድሮ የዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው መጡ። ዒድ አልፈጥርና ፋሲካም በሦስት ሳምንት ርቀት ዋሉ። ለእደ ጥበብ ክበብ ይህ ሁለት ገበያ በአንድ ወቅት ነው። ለበዓል ሥራ ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ዘንድሮም መጣ። የሆሳዕና ሰሞን ዘንባባ ስንገምድ ያዩ አንድ ወላጅ «መንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትምህርት ከሃይማኖት ነፃ መሆን እንዳለበት ሕገ መንግሥቱም ይላል። ክበቡ የሚያስተምረው ግን አጎነጓጎኑን ነው። ሁለት ቀጫጭን የዘንባባ ቅጠሎች በመስቀለኛ ይደረቡና ከታች ያለው በላይኛው ላይ እየታጠፈ ይቀጥላል፤ ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች። ልጆቹ በዚህ የመጽሐፍ ምልክትና የቁልፍ ማንጠልጠያ ሠርተዋል፤ ቀለበቱንና መስቀሉን በየቤታቸው ከታላላቆቻቸው ይማሩት። በነገራችን ላይ ይህን ሥራ ከሁሉ ቀድማ የለመደችው አንዲት ሙስሊም አባላችን ናት። አረንጓዴው ዘንባባ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ጠበቅ ተደርጎ መታጠፍ አለበት፤ እስኪሠራም በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል።

አሁን ወደ መጋቢት 6 እንሂድ። ያን ቅዳሜ 22 አባላት ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ በእግር ሽሮ ሜዳ ወጣን። የመኪና ወጪ አልነበረንም። ሁለቱም ጾም ስለሆነ ምሳ የሚያስብም አልነበረም። ወቅቱ የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ከፋሲካ በፊት ያሉት ሳምንታት የሸማኔ እጅ የማያርፍባቸው ናቸው።

ከሱቆቹ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ አንድ ሸማኔ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸው ታች መርገጫው ላይ፣ እጃቸው መወርወሪያው ላይ ነበር። ድሩን አሳዩን፤ ፊት ለፊት ተወጥሮ፣ ጫፉ ከግድግዳው አጠገብ ከእንጨት ላይ ታስሮ። ማጉ በቀሰም ተጠቅልሎ መወርወሪያው ውስጥ ይገባል። በአንድ እግር ሲረገጥ የድሩ ግማሽ ይነሳል፣ መወርወሪያው በመሐሉ ያልፋል፣ ማጉ ይመታል፤ ከዚያ ሌላው እግር። ነጩ ሸማ በዚህ መልክ ይሮጣል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ይቆማል ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ባለቀለም ክር የድሩ ክሮች እየተቆጠሩ በጣት ነው የሚገባው። «የቀሚስ ዋጋ ለምን ይለያያል?» ብላ የጠየቀች ልጅ መልሷን ከዚያ ጥለት ላይ አገኘች።

ሸማኔው ሥራቸውን አቁመው «ማነው የሚሞክር?» አሉ። የሚሳሳቅ እንጂ የሚነሳ ጠፋ። ከኋላ የነበረ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ጫማውን አወለቀ። ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ካርድ ከመቁረጥ በስተቀር በክበቡ ውስጥ አንድም ቃል ያልተናገረ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገባ፤ መርገጫውን ሳያይ አገኘው። ሸማኔው በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቁት፣ እሱም ቀና ሳይል በጋሞኛ መለሰ። ከዚያ መወርወሪያው መሄድ ጀመረ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ምት፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ምት። አንድ የድር ክር ሲበጠስ አቆመ፣ በሁለት ጣቱ ቋጠረው፣ ቀጠለ። አራት ጣት ያህል ሸማ ወጣ። ሸማኔው ጎንበስ ብለው ዳሰሱትና የራሳቸውን አልለዩትም። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዷ «ማን አስተማረህ?» አለችው። «አባቴ» አለ፤ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። አንድ የ13 ዓመት ልጅ የአባቱን ሙያ ለክፍል ጓደኞቹ ለመናገር እስከ መጋቢት 2017 መጠበቁን ግን በማግስቱ ሲገርመን ዋለ።

በሚቀጥለው አርብ ከመምህሩ ወንበር አጠገብ የቆመው እሱ ነበር፤ የካርቶን ሽመና ሊያሳይ። 20 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ካርቶን ይቆረጣል፤ ላይና ታች ጫፉ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይተለተላል። ትልትሉ ጎዶሎ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፤ ዳርና ዳሩ እኩል ያርፋል። የጥጥ ክር እንደ ድር ይወጠርና የተረፈ የሹራብ ክር በጆንያ መስፊያ መርፌ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያደረጉ ያሳልፉታል፤ ከዚያ በማበጠሪያ ወደ ታች ይጠበቃል። ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ማጉን ቀጥ አድርጎ ይስበዋል፤ በአሥረኛው መስመር ላይ የሥራው ወገብ ይሰምጣል። ልጁ ያሳየን ማጉን እንደ ኮረብታ ጎበጥ አድርጎ ማኖርና ከዚያ ማጥበቅ ነው። አሁን አባላቱ የሚሰምጥ ሥራ ሲያዩ «ኮረብታህን ረሳህ» ይባባላሉ።

የቤተሰብ ቀኑ መጋቢት 27፣ ቅዳሜ ዋለ። በግቢው ውስጥ አራት ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ካርድ፣ ዘንባባ፣ ስፌት፣ የካርቶን ሽመና። ሕጉ አንድ ነበር፦ ወላጅ ቆሞ አያይም፣ ተቀምጦ ይሠራል። ለትንንሾቹ መቀስ ስለማይበቃ ወረቀት በጥፍር አጥፎ በውኃ አርጥቦ መቅደድ አስተማርናቸው፤ ጠርዙ እንዲያውም ለአበባ ያምራል። አባቶች ወደ ስፌቱ አይቀርቡም ብለን ነበር፤ ዘንባባው ላይ ተጨናነቁ። ቡና ተፈላ፣ ቆሎና የጾም ዳቦ ቀረበ፤ እየጾሙ ለነበሩት ድርሻቸው ተጠቅልሎ ተሰጠ። የአንዲት አባላችን አያት ስፌት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው የአንዱን ልጅ ወፍራም መነሻ አዩና «ይሄ ስፌት ነው ወይስ የበሬ ገመድ?» አሉት። ከሥሩ ፈተው በአራት ዘለላ ሰንደዶ አስጀመሩት። የመሐል ቀዳዳ ችግራችን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀረ፤ አምስትና ስድስት እያልን ስናስተምር የኖርነው እኛ ነበርን የተሳሳትነው።

ድክመትም ነበር። ጠረጴዛዎቹን ፀሐይ ላይ ስላደረግናቸው እስከ 6 ሰዓት ዘንባባው ደረቀ፣ አክርማውም ተሰነጠቀ። ከሰዓት በኋላ የመጡ ቤተሰቦች ያገኙት ካርድ ብቻ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት ሰንደዶና አክርማ መግዣ ተቀምጧል፤ ሒሳቡ በወላጅ መምህር ኅብረት ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አባላቱ የ2018ን የእንቁጣጣሽ ካርድ እየለጠፉ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ አሥር የሚቆርጥ መቀስ፣ ሃያ ወስፌ፣ ከየቤቱ የተረፈ የሹራብ ክርና አሮጌ ጋዜጣ፣ አርብ ላይ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ። ስፌት፣ ፈትል ወይም ሽመና የሚችሉ ወላጆችና አያቶች በወር አንድ አርብ ቢመጡልን ከዚህ ሁሉ ይበልጥብናል። የአደይ ለቀማው ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ፀሐያማ ቅዳሜ ነው። የብረት ቁም ሣጥኑን ጥያቄ ለአራተኛ ጊዜ አስገብተናል፤ ካልተሳካ ድመትም ቢላክልን አንመልስም።