ማይኩ ለሕዝቡም ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ባሕር ዳር በሰፈራችን ስብሰባ ተገኝቼ ነበር። ሪፖርቱ ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀ። «ጥያቄ ካላችሁ» የተባልነው ሰው ለመሄድ ሲነሳ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ አባት ስለ ጣና ሐይቁ አረም፣ ስለ እምቦጭ ሊናገሩ እጃቸውን እንዳነሱ ቀሩ። በጣም አዘንኩ። ጣናን ከእሳቸው በላይ ማን ያውቀዋል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ማኅበረሰባችንን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባችን እንዲጠየቅ መብት ይሰጠናል። እና ሕዝቡ ከሪፖርቱ በፊት ይናገር። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ፣ ለሹሙም ለቀዛፊውም እኩል። ከኋላ የሚቀመጡት እናቶችም ማይኩ ይድረሳቸው። የተነሳው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ መልሱ በቀጣዩ ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ይነበብልን።

አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ