ለድሬዳዋና ለሐረር ወዳጆቼ በሙሉ፦ የምስጋና መልእክት

በታዳሽ ኃይል ሕግ ላይ ያዘጋጀሁትን የሦስተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ በፈታኞች ፊት አቅርቤ፣ በጎ ውጤት ይዤ ወደ ድሬዳዋ ተመልሻለሁ። ዓይኔ የታመመበት ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ሁላችሁም ስለምታውቁ አልደግመውም። ይህን መልእክት በገዛ ዓይኔ እያየሁ መጻፌ ብቻውን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህም ፈጣሪዬን፣ ሐኪሞቼንና ከአጠገቤ ያልተለየችውን እናቴን አመሰግናለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የማመሰግናቸው በከዚራ ጎረቤታችን የሆኑ፣ ዕድሜያቸውን በመብራት ኃይል የመስመር ሠራተኛነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ አንድ አባት ናቸው። «ስሜን አታንሺ» ስላሉኝ ቃላቸውን አክብሬ አባባ እያልሁ እጽፋለሁ። ሐኪም ማንበብ በከለከለኝ ወራት፣ አባባ ፀሐይዋ በረድ ስትል ነጋሪት ጋዜጣውን ይዘው ይመጡና ከኒሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያነቡልኝ ነበር፤ የአማርኛውን ዓምድ እሳቸው፣ የእንግሊዝኛውን የልጅ ልጃቸው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ን ከማሻሻያው ከአዋጅ ቁጥር 1085/2010 ጋር፣ የጂኦተርማል (የከርሰ ምድር ሙቀት) ሀብት ልማት አዋጅ ቁጥር 981/2008ንም ጭምር ዳግመኛ ያጠናሁት በእሳቸው ድምፅ ነው። የትርጓሜውን አንቀጽ እንኳ አይዘሉም ነበር። ስለ ማመንጨት፣ ስለ ማስተላለፍና ስለ ማከፋፈል ከሚናገረው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ በጣታቸው አሸዋው ላይ ምሰሶና ሽቦ እየሣሉ፣ ከሩቅ የመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ የት ላይ ዝቅ ተደርጎ ወደየቤታችን እንደሚገባ ያስረዱኛል። ሕጉ ሥራዎቹን ለምን ለያይቶ ፈቃድ እንደሚሰጥ በቅጡ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ስለ መሬት ማስለቀቅና ስለ ካሣ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እያነበቡልኝ ሳሉ ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ መሬቱን የሚለቀውስ ካሣውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ሽቦው ከበላዩ የሚያልፍበት፣ ዛፍ እንዳይተክል፣ ቤት እንዳይሠራ የሚከለከለው ገበሬስ ምን ያገኛል?» ብለው ጠየቁኝ። በሥራ ዘመናቸው ከመስመር ሥር ዛፍ ሲቆርጡ የባለቤቶቹን ፊት ያዩ ሰው ናቸውና፣ ጥያቄው ለብዙ ዓመታት በሆዳቸው የኖረ ነበር። ወደ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 የመለሰኝም እሱ ነው፤ በዚያ ድንጋጌ ማካካሻ የማግኘት መብት ያላቸው በመንግሥት ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ኑሯቸው የተነካባቸውም ጭምር ናቸው። ነፋሱ የሚበረታው እንደ አይሻ ባለ ከከተማ የራቀ ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ የታዳሽ ኃይል ሥራ ሲስፋፋ ረጅም መስመር መዘርጋቱ አይቀርም፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚሄደው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። የጽሑፌ ረጅሙ ምዕራፍ የተጻፈው ለአባባ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ፈታኞቼም አብዝተው የጠየቁኝ ከዚሁ ምዕራፍ ነበር፤ ስመልስ የእሳቸው ድምፅ በጆሮዬ ነበር።

አባባ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ተማሪዎቼን ይህን ሕግ ማስተማር ስጀምር መጥተው ያንን የምሰሶና የሽቦ ሥዕል በሰሌዳው ላይ እንዲሥሉላቸው ከወዲሁ እለምንዎታለሁ።

ረቂቄን በትዕግሥት ያረሙልኝን አማካሪዬን፣ ክፍለ ጊዜዬን ተካፍለው ያስተማሩልኝን የሥራ ባልደረቦቼን፣ የከዚራ፣ የሳቢያንና የመጋላ ወዳጆቼን፣ ከሐረር ድረስ እየተመላለሳችሁ የጠየቃችሁኝን ዘመዶቼን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የጸለያችሁልኝን፣ በየመስጊዱ ዱዓ ያደረጋችሁልኝን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙዎች ናችሁና ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ።