የሳይንስ ክበብ በ2017 የትምህርት ዘመን፦ ንቧን የጠየቅንበት ዓመት

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ የተወለደው ከክርክር ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ማንቲስ ሽሪምፕ አንብቦ መጣ። ቀይ ባሕርን ጨምሮ በሞቃት ባሕሮች የሚኖር እንስሳ ነው። የእኛ ዓይን ቀለም የሚለይባቸው ሴሎች 3 ዓይነት ሲሆኑ የእሱ እስከ 12 ይደርሳሉ። «እንግዲያው ቀለም በመለየት ከሰው አራት እጥፍ ይበልጣል» አለ። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ፤ እኔም ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

መልሱን ያገኘነው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ካወጡት ጥናት ነው። እንስሳው ሁለት ቀለም ያለው ብርሃን እየቀረበለት፣ ትክክለኛውን ሲመርጥ ምግብ እየተሰጠው ተለማመደ። ከዚያ ሁለቱን ቀለሞች እያቀራረቡ ፈተኑት። ሰው በሞገድ ርዝመት ከ1 እስከ 4 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ብቻ የሚራራቁ ቀለሞችን ይለያል። ማንቲስ ሽሪምፕ ግን ልዩነቱ ገና ከ12 እስከ 25 ናኖሜትር ድረስ ሲጠብ ተምታታበት። የእኛ አንጎል ከሦስቱ ሴሎች የሚመጣውን መልእክት እያነጻጸረ ቀለሙን ያወጣል፤ የእሱ ሳያነጻጽር እያንዳንዱን ቀለም በየሴሉ ወዲያው ሳያውቀው አይቀርም፣ ይላሉ ተመራማሪዎቹ። በቅጽበት መትቶ ለሚያድን እንስሳ ፍጥነቱ ይበልጥበታል።

የሴል ዓይነት መቁጠር እንዳልበቃ፣ እንስሳውን ራሱን መጠየቅ ግድ እንደሆነ ተማሪዎቹ ያኔ ገባቸው። ለደሴ ልጅ ባሕሩ ሩቅ ነው። ንብ ግን እንደ ማንቲስ ሽሪምፕ ሁሉ አርትሮፖድ (እግሯ የተገጣጠመ፣ የጀርባ አጥንት የሌላት እንስሳ) ናት፣ ጦሳ ተራራ ሥርም ሞልታለች።

የንብ ተመራማሪው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1914 ያሳተመውን ሙከራ መረጥን። በዘመኑ ካርል ፎን ሄስ የተባለ ስመ ጥር የዓይን ሐኪም ንብ ቀለም አታይም ይል ነበር። ፍሪሽ አንድ ሰማያዊ ወረቀት በብዙ ግራጫ ወረቀቶች መካከል አስቀምጦ፣ ስኳር ውሃውን በሰማያዊው ላይ ብቻ አቀረበ። ንቧ የምታየው ድምቀትና ድብዘዛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከግራጫዎቹ አንዱ ከሰማያዊው ጋር ይምታታባት ነበር። የሙከራው ብልሃት እዚህ ላይ ነው።

ልጆቹ ይህን በጥቅምት ሊጀምሩ ቸኮሉ። ቀፏቸውን የፈቀዱልን አባት ግን «ልጆቸ፣ አበባው ሜዳውን ሞልቶት ሳለ ማን የናንተን ስኳር ይቀምሳል? ጥር ይግባ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጥር ላይ ንቦቹ ስኳር ውሃ የያዙትን ሲኒዎች ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ግራጫዎቹን ከከሰልና ከኖራ ቀላቅለን አዘጋጀን፤ ሰማያዊው የደብተር ልባስ ነበር። ሽታ እንዳይመራቸው ሁሉንም በመስኮት መስታወት ሸፈንን። ቦታውን እንዳይለምዱም ሰማያዊውን እያዟዟርን አስቀመጥን። ከዚያ ንጹሕና ባዶ ሲኒዎች አቀረብን። ንቦቹ በሰማያዊው ላይ ተሰበሰቡ፤ ምንም ሳያገኙ ይዞሩት ጀመር። ልጆቹ ያኔ የጮኹት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በቀይ ወረቀት ስንደግመው ውጤቱ ተለወጠ። በቀይ የሠለጠኑት ንቦች ጥቁሩና ጥቁር ግራጫው ላይም አረፉ። ንብ ቀለም የምትለይባቸው ሦስት ዓይነት ሴሎች ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና እኛ ለማናየው አልትራቫዮሌት ብርሃን የተሠሩ ናቸው፤ ለቀይ የተመደበ የላትም። በአንጻሩ እኛ ነጭ የምንላቸው ብዙ አበቦች አልትራቫዮሌትን ስለሚውጡ ለእሷ ነጭ አይደሉም።

ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የእያንዳንዷን ንብ ማረፊያ የመዘገቡት ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጃገረዶች ልዩ ምስጋና ይገባቸዋል። ያለ እነሱ ትዕግሥት ውጤታችን ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ክበቡ ችግኝ ተክሏል፣ ቤተ ሙከራውንም አጽድቷል፤ እሱን ሌሎች ክበባትም ስለሠሩት አላስረዝመውም።

ከሁለቱ አንዷ ለከርሞ ጥያቄ አስመዝግባለች፦ በሰማያዊ የሠለጠነች ንብ ሐምራዊ ቢቀርብላት ትለየዋለች? ሐምራዊ ወረቀት ያለው ሰው ለክበቡ ቢያበረክት እንቀበላለን። ቀፎው ጋ የምንወጣው ጥር ሲገባ ነው።