አባባ፣ ስለ ሰርቭዎ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ሐዋሳ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ስለ ጠረጴዛ ቴኒስ የማስጀመሪያ ምትዎ በስልክ «ሰርቬ አይሽከረከርም፣ ልጆቹ እየመቱ ይመልሱብኛል» ያሉኝ ነገር በወሬ የሚያልቅ ስላልሆነ በዝርዝር ልጻፍልዎ።

ሽክርክሪት ከክንድ ጉልበት አይመጣም፤ ስለዚህ ዕድሜ አይከለክልዎትም። ኳሷ 2.7 ግራም ብቻ ነች። ራኬቱ ከኋላ ከገፋት ትፈጥናለች እንጂ አትሽከረከርም፤ የሚያሽከረክራት ታችዋን ፍቆ ማለፍ ነው። እማዬ እንጀራ ስታወጣ ሰፌዱን ከሥሩ ሸርተት እንደምታደርገው ነው። ጆሮዎም ይለየዋል፦ ኳሷ ስትመታ «ጧ» የሚል የእንጨት ድምፅ ይወጣል፤ በትክክል ስትፋቅ ግን እምብዛም አይሰማም።

ለሰርቭ ብቻ አያያዝዎን ይለውጡ። ራኬቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙና ሦስቱን ጣቶች ከእጀታው ያላቅቁ። እጀታውን በሙሉ መዳፍ ከጨበጡ የእጅዎ አንጓ ይታሰራል፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ደግሞ ከአንጓው ነው።

ኳሷን ከተከፈተ መዳፍ ላይ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይወርውሩ፤ ሕጉ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ይላል። ከዚያ አይቸኩሉ። ከመረቡ ከፍታ ዝቅ እስክትል ይጠብቋት፤ ከፍ ብላ ሳለ ከነኳት ከፍ ብላ ትነጥራለችና ብትሽከረከርም ለመምታት ትመቻለች። ራኬቱ ሊጋደም ጥቂት ሲቀረው፣ ከጫፉ በኩል ባለው ግማሽ ይፋቁ፤ ጫፉ ከእጀታው አካባቢ ይበልጥ ይፈጥናል። አንጓው የሚወነጨፈው ልክ ኳሷን ሲነኩ ነው። ብዙ ሰው ቀድሞ ይወነጭፈውና ኳሷ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ አልቋል።

ልምምዱን ከጠረጴዛው ርቀው ይጀምሩ። ኳሷን ወርውረው ታችዋን ይፋቁና ሁለት ሜትር ያህል ፊት ለፊት መሬት ላይ ትውደቅ። ነጥራ ወደ እርስዎ ከተመለሰች ተሳክቷል፤ ወደ ፊት ከቀጠለች ገፍተዋታል። ይህ ሲለመድ ወደ ጠረጴዛው ይሂዱ፤ እዚያ ግቡ ኳሷ መረቡን አልፋ ከነጠረች በኋላ ወደ መረቡ እንድትመለስ ነው። መረብ ላይ ከቀረች ራኬቱ ብዙ ቆሟል፣ ጥቂት ያስተኙት። ረጅም ከሄደች ሳይፍቁ ገፍተዋታል። ኳሷ ዙሪያ በማርከር መስመር ያስምሩ፤ ስትሄድ የመስመሩን መዞር በዓይንዎ መከተል ከቻሉ ገና ነው።

በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይብለጥ። አንጓ ሲደክም ክንድ ይተካዋል፤ ያኔ የሚለማመዱት መግፋትን ነው።

በቴሌቪዥን እንደሚያዩት ኳሷ አየር ላይ ብዙ ካልታጠፈች አይዘኑ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ኳሷንም ያን ያህል አያጥፋትም። የሚመዝኑት በንጥረቷ ነው። ጠረጴዛው ደጅ ከሆነ ጠዋት ይለማመዱ፤ ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ኳሷን የወሰዳት ሽክርክሪቱ ይሁን ነፋሱ አይለዩትም።

ራኬቱንም ይመልከቱት። የላስቲኩ ጉጦች ወደ ውጭ ከሆኑ ኳሷን እምብዛም አይዙም፤ ለዚህ ሰርቭ ለስላሳውን ገጽ ይጠቀሙ። አቧራ ደግሞ የሽክርክሪት ጠላት ነው። ከጨዋታ በኋላ በንጹህ ውሃ በረጠበ ስፖንጅ ጠርገው፣ ደርቆ ሲያልቅ ሸፍነው ከፀሐይ ያርቁት። ሳሙናና አልኮል አያስነኩት።

ኳሷ ወደ መረቡ መመለስ ስትጀምር በዚያው እንቅስቃሴ ሌላ ሰርቭ ይጨምሩ፦ ሁሉንም እንዳለ አድርገው ወደ እጀታው በሚቀርበው ክፍል ይንኳት። ሽክርክሪቷ ይቀንሳል፤ እንደ በፊቱ በጣም ትሽከረከራለች ብሎ ከታች ያነሳት ሰው ኳሷ ከፍ ትልበታለች፣ ያኔ ይምቷት። ግን የመጀመሪያው ሳይጸና ወደዚህ አይሂዱ።

ላስቲኩ ተጠርጎም የሚያንሸራትት ከሆነ አርጅቷል ማለት ነው። ይንገሩኝ፣ ላስቲኩን ብቻ ገዝቼ እልክልዎታለሁ፤ የድሮው ተልጦ አዲሱ በእንጨቱ ልክ ተቆርጦ ይለጠፋል።

ልጅዎ