ፍጻሜው ሲያልቅ ታክሲ የለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የስፖርት ገጻችሁ የዘንድሮው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እሑድ ሐምሌ 12 ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት እንደሚጀመር ነግሮናል። እግዜር ይስጥልን። መቼ እንደሚያልቅ ግን ዝም አላችሁ። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ደርሶብኝ ነው የምጽፈው። የኳታሩ ፍጻሜ ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 በእኛም ሰዓት ከምሽቱ 12 ላይ ጀመረ። ሳሪስ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። አርጀንቲና 2 ለ 0 ትመራለች። ፈረንሳይ ከእረፍት በፊት አንዲት ሙከራ እንኳ አላደረገችም። 79ኛው ደቂቃ ላይ "በቃ፣ ይሄማ አለቀ" ብዬ ወጣሁ፤ ታክሲ ሳይጠፋ ልግባ ብዬ።

ሚኒባሱ ገና አልሞላም። ረዳቱ ብሮቹን በጣቶቹ መሃል እንደሰካ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። "ኧረ ባክህ!" አለ። የፈረንሳዩ ምባፔ በ80ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት፣ በ81ኛው ደግሞ አየር ላይ እንዳለች መትቶ። 2 ለ 2! ከኋላ አንድ ልጅ ባልተንቀሳቀሰ መኪና "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸና ዘሎ ወረደ። እኔ ቀረሁ። 3 ለ 3 የሆነበትን ጭማሪ ሰዓት፣ የአርጀንቲናው በረኛ ማርቲኔዝ በመጨረሻዋ ቅጽበት የፈረንሳዩን አጥቂ የኮሎ ሙአኒን ኳስ በእግሩ ያዳነበትን፣ ሁሉንም በማግስቱ በስልክ አየሁት። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ያ ጨዋታ መለያ ምት ደርሶ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል አለቀ። ዘንድሮ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ የሚደረገውም ፍጻሜ እንዲያ ከረዘመ ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት መድረሱ ነው። ፊፋ ደግሞ በእረፍት ሰዓት ሙዚቃ አቀርባለሁ ብሏል፤ ማን ለምኖት እንደሆነ እንጃ። ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ብሎካችን ያለውን መንገድ በዚያ ሰዓት ከእኛ ይልቅ ጅብ ነው የሚያውቀው።

ብሎካችን የጋራ መጠቀሚያ ቤት አለው። የምንከፍተው በግ ለማረድና ለለቅሶ ነው። የዚያን ሌሊት ለኳስ ይከፈት ነው የምለው። ቴሌቪዥኑን እኔ አወርዳለሁ፣ ወንበር ከእድሩ እንዋሳለን። ሐሳቡን በስብሰባ ሳነሳ የኮሚቴው ሰብሳቢ "እስከ ስንት ሰዓት ልታስመሹን ነው?" አሉኝ። እስከ 7 ብላቸው ሳቁ፤ ኳስ 90 ደቂቃ ነው ብለው።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም የሚያልቅበትንም ሰዓት ጻፉልን። እኔን ባያምኑ ጋዜጣ ያምናሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮዬ ፈጬ