የድጋፍ ጥሪ፦ በደሴው ንባብ ቤታችን የልዩ ዘመቻ ኃይሎች ታሪክ መደርደሪያ ለማቋቋም

ለተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በሌሎች የአገራችን ከተሞችና በውጭ አገር ለምትገኙ የወሎ ተወላጆችና ወዳጆች በሙሉ፤

በደሴ ከተማ የሚገኘው የሰፈራችን ንባብ ቤት በአባላት መዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የሚተዳደር ሲሆን፣ እስካሁን አብዛኛውን አቅሙን ያዋለው ለተማሪዎች መማሪያና ማጣቀሻ መጻሕፍት ነው። ከተማሪዎች ቀጥሎ ቤቱን የሚያዘወትሩት ታሪክ ወዳድ አንባቢዎች፣ ከእነርሱም መካከል በርከት ያሉ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ናቸው፤ ደጋግመው የሚጠይቁንም ስለ ኮማንዶ፣ ስለ አየር ወለድና ከጠላት ወረዳ ጀርባ ስለሚካሄዱ ዘመቻዎች የተጻፉ መጻሕፍትን ነው። ወጣቶቹም ይህንኑ ጉዳይ በፊልምና በየስልካቸው በሚያዩት አጫጭር ቪዲዮ ይከታተሉታል፤ ያዩት ነገር ምን ያህል እውነት እንደሆነ ለማመሳከር ሲመጡ ግን አውጥተን የምንሰጣቸው መጽሐፍ የለንም። በመሆኑም የመጻሕፍት መራጭ ኮሚቴው 60 ያህል መጻሕፍት የሚይዝ አንድ መደርደሪያ ለማቋቋም ወስኖ ይህን ጥሪ አቅርቧል።

ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት ስለ አመራረጣችን በሰፊው የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዘርፍ ደኅናውን መጽሐፍ ከከንቱው መለየት በሌሎች የታሪክ ዘርፎች ካለው ይልቅ አዳጋች ነው። የልዩ ዘመቻ ሥራ በባሕርዩ ምስጢር በመሆኑ መዛግብቱ ብዙ ጊዜ ለአሥርት ዓመታት ተቆልፈው ይቆያሉ፤ ያን ክፍተት ደግሞ የነበረበትን የሚያስታውስ ወታደር፣ ሳይኖርበት የሚያሳምር ጸሐፊና የመሥሪያ ቤቱን ስም መጠበቅ የሚፈልግ ባለሥልጣን እየተሻሙ ይሞሉታል። ሽፋኑ ላይ ጭምብል ያጠለቀ ተኳሽ የታተመበት መጽሐፍ ሁሉ ታሪክ አይደለም፤ በእኛ ግምት እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። ስለዚህ ከእናንተ የምንፈልገው መደርደሪያ የሚሞላ ማንኛውንም መጽሐፍ ሳይሆን፣ የታሰበበት ምርጫ ለማድረግ የሚያስችለንን አቅም ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ልንገዛ የምንሻው በገዛ አገራችን ስለተደረገው የተጻፈውን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1941 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት መሪነት የዘመተውና በመጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎን ስም የተጠራው አነስተኛ ጦር፣ ዛሬ የልዩ ዘመቻ ታሪክ ሲጻፍ ከቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ይህ ጦር የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮችን፣ ጥቂት መኮንኖችንና በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎችን ይዞ፣ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የጣሊያን ሠራዊት ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ያስለቀቀው በሌሊት ወረራ፣ በማደናገርና ከምንም በላይ አገሩን ቀድመው በያዙት አርበኞች ክንድ ነው። ግመሎቹ ግን አብዛኞቹ የጎጃምን ደጋ ሳይችሉ በየመንገዱ አልቀዋል፤ ስለ ስንቅና ጓዝ የማይናገር የጦርነት መጽሐፍ ምን እንደሚጎድለው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናውቅም።

የዚያ ዘመቻ ፍጻሜ ከደጃችን የራቀ አልነበረም። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአርበኞች ጋር ሆኖ የኮምቦልቻን መተላለፊያ ካስለቀቀ በኋላ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1941 ደሴ ገባ፤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወሎ ያፈገፈገው የጣሊያናዊው ኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ደግሞ በቀጣዩ ወር እጁን የሰጠው እዚሁ አማራ ሳይንት፣ አጅባር ላይ ነው። በአጅባሩ ዘመቻ የተሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገር በኋላ በሰሜን አፍሪካ በረሃ የእንግሊዝ ልዩ ዘመቻ ጦር ከሆነው ከኤስ ኤ ኤስ ጋር ተሰልፏል። የደሴ ተማሪ የዚህን ክፍል ታሪክ በለንደን ስለተመሠረተ የባዕድ ጉዳይ እንደሚነበብ አድርጎ እንዲያነብበው አንፈልግም።

ይሁን እንጂ ስለዚሁ ዘመቻ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ብዙው የተቀዳው ከእንግሊዛውያን መኮንኖች ማስታወሻ ነው። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ዓመታት ሙሉ የተዋጉበት አገር በእነዚያ ገጾች ላይ ብዙ ጊዜ ዊንጌት የደረሰበት ሥፍራ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ የማራቬንታኖ ጦር ዓባይን ሲሻገር በላይ ዘለቀ ለምን አላገደውም የሚለው ከባድ ጥያቄም በአንድ ወገን ምስክርነት ብቻ ብይን ሲሰጥበት እናያለን። ስለሆነም ስለ ጎጃሙ ዘመቻ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በገዛን ቁጥር ስለ አርበኞች የተጻፈ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ አብሮ እንዲገዛ ወስነናል። ይህ ውሳኔ ወጪያችንን ከፍ አድርጎታል፤ ልንቀንሰው ግን አልፈለግንም።

ከዚያ ወዲያ ላለው ምርጫ አጥብቀን የያዝነው መለኪያ መጽሐፉ ስለ ውድቀት የሚጽፍበትን መንገድ ነው። ዴቪድ ስተርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1941 የመሠረተው ኤስ ኤ ኤስ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ባካሄደው የመጀመሪያ ዘመቻ፣ በማዕበል ሌሊት በፓራሹት ከዘለሉት ከሃምሳ በላይ ሰዎች መካከል የተመለሱት ከግማሽ በታች ነበሩ፤ አንድም የጠላት አውሮፕላን አላወደሙም። የተረፉትን ከበረሃው ያወጣቸው ራልፍ ባግኖልድ ከአንድ ዓመት በፊት ያቋቋመው የበረሃ ቃኚ ጓድ ሲሆን፣ በቀጣዩ ወር ኤስ ኤ ኤስ ፓራሹቱን ትቶ በዚሁ ጓድ መኪኖች እየተጓዘ በየአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ አውሮፕላኖችን አቃጠለ። ባግኖልድ ከጦርነቱ በፊት የሊቢያንና የግብፅን በረሃ በፎርድ መኪና ያሰሰ ሰው ነበር፤ ስለ አሸዋ እንቅስቃሴ ያደረገው ሳይንሳዊ ጥናትም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የመጀመሪያውን ሌሊት በሁለት መስመር አልፎ ወደ ቃጠሎው የሚሮጥ መጽሐፍ አንባቢውን አያስተምርም። የበረሃው ጓድ መንገድ በመጠበቅ፣ የሚያልፉ የጠላት ተሽከርካሪዎችን በመቁጠርና በሬዲዮ በማስተላለፍ ያሳለፋቸውን ሳምንታት በትዕግሥት የሚተርክ መጽሐፍ ግን፣ ተኩሱ ቢያንስም፣ ከሁሉ በፊት የምንገዛው ነው።

በዚሁ መለኪያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1980 አሜሪካ በቴህራን የታገቱ ዜጎቿን ለማስለቀቅ ስላደረገችው ሙከራ የሚናገር መጽሐፍ በዝርዝራችን ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ይዟል። ስምንት ሄሊኮፕተሮች ተነሥተው፣ ለዘመቻው ቢያንስ ስድስት ያስፈልጉ በነበረበት ሰዓት ለሥራ ብቁ ሆነው የቀሩት አምስት ብቻ ነበሩ፤ ዘመቻው ተሰርዞ ሲመለሱም አንዱ ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ከዚህ ውድቀት በኋላ የተደረገው ምርመራና ክርክር እ.ኤ.አ. በ1987 ለተቋቋመው የአሜሪካ የልዩ ዘመቻዎች ዕዝ መንገድ ጠርጓል። ከአንድ የተሳካ ወረራ ይልቅ ይህ ታሪክ ስለ ቅንጅት፣ ስለ አየር ጠባይና ስለ ዕዝ ሰንሰለት ብዙ ይናገራል።

የተሳታፊዎችን ግለ ታሪክ በተመለከተ ኮሚቴው ረዘም ያለ ክርክር አድርጓል። አንዳንዶቻችን ጨርሶ አይገቡ ስንል፣ ሌሎቻችን ያለ እነርሱ ድርቅ ያለ መደርደሪያ ይሆናል አልን። መጨረሻ ላይ የወሰነልን የአንድ የእንግሊዝ ቃኚ ቡድን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ኢራቅ ውስጥ ከገቡት ከእነዚህ ስምንት ሰዎች ሦስቱ ሞቱ፣ አራቱ ተማረኩ፣ አንዱ በእግሩ ተጉዞ ሶሪያ ገባ። ከተረፉት መካከል ሁለቱ በየፊናቸው የጻፏቸው እጅግ የተሸጡ መጻሕፍት በብዙ ነገር አይስማሙም፤ ቆየት ብሎም ሌላ ጸሐፊ ሥፍራው ድረስ ሄዶ ያገሬውን ሰዎች ጠይቆ የሁለቱንም ትረካ የሚሞግት መጽሐፍ አወጣ። ሦስቱን ጎን ለጎን ያነበበ ወጣት ምስክርነትን መመዘን ይማራል፤ አንዱን ብቻ ያነበበ ግን አንድ ጀግና ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ግለ ታሪክ የምንገዛው ተቃራኒው ወይም አመሳካሪው አብሮ ሲገኝ ብቻ ይሆናል።

በቀጣናችን የተደረጉት ዘመቻዎችም በዚሁ መንገድ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1976 የእስራኤል ኮማንዶዎች ኢንቴቤ ላይ ከመቶ በላይ ታጋቾችን ያስለቀቁበት ዘመቻ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ የታወቀ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ናይሮቢ ላይ ነዳጅ መሙላታቸውና ከዚያ በኋላ በኡጋንዳ ይኖሩ የነበሩ ኬንያውያን በበቀል መገደላቸው ግን እምብዛም አይነገርም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1993 ስለተደረገው የሞቃዲሾ ውጊያም እንዲሁ 18 አሜሪካውያን ወታደሮች መሞታቸውን የሚያውቅ ሰው፣ በዚያው ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሶማሌዎች ማለቃቸውን ላያውቅ ይችላል። የሁለቱንም ወገን ሙታን የማይቆጥር መጽሐፍ ከመደርደሪያችን አይገባም።

የአገራችንን አየር ወለድና ኮማንዶ በሚመለከት ግን ችግሩ መምረጥ ሳይሆን ማግኘት ነው። የካቲት 26 ቀን የምናስበው የካራማራ ድል በተገኘበት በ1970 ዓ.ም. ዘመቻ፣ ሄሊኮፕተሮች ወታደርና ቀላል ብረት ለበስ ከተራራው ማዶ ያወርዱ እንደነበር የውጭ መጻሕፍት ይተርካሉ፤ በዘመቻው የነበሩ መኮንኖቻችን በአማርኛ ካሳተሟቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ግን በጥቂት ቅጂ ታትመው ከገበያ ጠፍተዋል። እነዚህ መጻሕፍት በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳሉ እንገምታለን። ለመስጠት የማይፈቅድ ቤተሰብ ቢኖር በንባብ ቤታችን ውስጥ ብቻ እንዲነበቡ በውሰት ልንቀበል ዝግጁ ነን፤ በፎቶ ኮፒ አባዝተን ግን አናስቀምጥም፣ የተባዛም አንገዛም።

አንዳንድ ወገኖች ከተማችን በ2014 ዓ.ም. ባየችው ጦርነት ማግሥት ስለ ጦርነት መጻሕፍት መሰብሰብ ተገቢ ነውን ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። የእኛ መልስ መጽሐፉ ባይኖርም ወሬው አለ የሚል ነው፤ ወጣቱ ከፊልም የሚቀበለው ጦርነት ድካም፣ ረኀብ፣ የተሳሳተ ትእዛዝና የቆሰለ ሰላማዊ ሰው የሌለበት ነው። ያም ሆኖ ለጥያቄው አክብሮት ስንል ሁለት ገደቦችን አስቀምጠናል። በአገራችን የቅርብ ዓመታት ግጭቶች ላይ የሚያተኩሩ መጻሕፍት በዚህ መደርደሪያ አይካተቱም፤ እንዲሁም የግድያ ስልትን ወይም የፈንጂ አሠራርን የሚያስተምሩ ጽሑፎች፣ ታሪክ ነን ቢሉም፣ አንቀበልም።

የምንጠይቃችሁ ድጋፍ በሦስት መንገድ ሊቀርብ ይችላል። ገንዘብ መስጠት ለምትችሉ፣ መጠኑ የአንድ መጽሐፍ ዋጋም ሆነ የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ፣ በንባብ ቤቱ ጽሕፈት ክፍል ደረሰኝ ተቆርጦላችሁ ገቢ ይደረጋል፤ ወጪ የሚሆነውም በሰብሳቢው፣ በገንዘብ ያዡና በኦዲተሩ ጣምራ ፊርማ ብቻ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ በፖስታ የሚላክ መጽሐፍ ወጪው ከዋጋው በላይ ስለሚሆን፣ ወደ አገር ቤት ስትመጡ ወይም ሰው ሲመጣ አንድ ሁለት መጽሐፍ በሻንጣ ብታስይዙልን ውለታችሁ ትልቅ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የተመረጡትን ዝርዝር እንድትጠይቁን አደራ እንላለን፤ አለዚያ አንዱ መጽሐፍ አምስት ጊዜ ይመጣብናል። በእጃችሁ ያለ የቆየ መጽሐፍ ለመስጠት የምትፈልጉም ይዛችሁት ኑ፤ ለዚህ መደርደሪያ የማይስማማ ከሆነ በአክብሮት እንነግራችኋለን፣ ፈቃዳችሁ ከሆነም ለሌላ ክፍል እናውለዋለን።

እንጨት ሥራ የምታውቁ የከተማችን ባለሙያዎች መደርደሪያውን ብትሠሩልን ለእንጨትና ለጉልበት የመደብነውን ገንዘብ ወደ መጻሕፍት ግዢ እናዞረዋለን። ካርታ ማንበብ የምትችሉ የቀድሞ መኮንኖችም በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወጣት አንባቢዎች ጋር ተቀምጣችሁ የዘመቻዎቹን መስመር ብታስረዱ፣ ይህም እንደ መዋጮ ተቆጥሮ በመዝገባችን ይሰፍራል።

ገቢና ወጪው በየወሩ መጨረሻ በንባብ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስማቸው እንዳይጠቀስ የሚፈልጉ ለጋሾች በደረሰኝ ቁጥራቸው ብቻ ይመዘገባሉ። የመጀመሪያው ግዢ የሚፈጸመው ከዝርዝሩ ሲሶው የሚሆነው ገንዘብ እንደተሟላ ሲሆን፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ስለ ጎጃሙና ስለ ወሎው የ1941 ዘመቻ ለተጻፉት ነው። መዋጮ የምንቀበለው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ንባብ ቤቱ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት ሁሉ ነው፤ የኮምቦልቻ ነዋሪዎች እዚያው ከሚኖሩት የኮሚቴው አባላት ደረሰኝ ማግኘት ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የንባብ ቤቱ የመጻሕፍት መራጭ ኮሚቴ
ደሴ